የመኪናው ቦዲ ኮምፒዩተር፦ የምርመራውና የመቀየሩ ጣጣ

ፍሬቻው ሳይነኩት ይበራል፤ መስኮቱ ሲፈልግ ይወርዳል፣ ሳይፈልግ ይለግማል፤ ቁልፍ ተነቅሎም የውስጥ መብራቱ አልጠፋ ይላል፤ ጠዋት ላይ ባትሪው ሞቶ ይገኛል። እነዚህ ምልክቶች ተደራርበው ሲመጡ ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚነሳው ስም ቦዲ ኮምፒዩተር ነው። ባለመኪናው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሳጥኑን ያስቀይራል፤ ከሳምንት በኋላም ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። በእኔ እምነት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ ያለ ጥፋቱ ይህን ያህል የሚቀየር ዕቃ ጥቂት ነው።

ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ዳሽቦርዱ ሥር፣ ከፊውዝ ቦክሱ አጠገብ ወይም ከፊውዝ ቦክሱ ጋር አንድ ላይ ተሠርቶ ይገኛል። ሥራው ከማብሪያና ማጥፊያዎች፣ ከበር መቆለፊያዎችና ከፍሬን ፔዳል ምልክት ተቀብሎ መብራትን፣ የዝናብ መጥረጊያን፣ መስኮትን፣ ክላክስንና የበር ቁልፍን ማዘዝ ነው። በብዙ ሞዴሎች ላይ የስርቆት መከላከያው ኢሞቢላይዘርም በእሱ በኩል ያልፋል። አምራቾች የሚሰጡት ስም የተለያየ ነው፤ ፎርድ ለረጅም ጊዜ ጂ.ኢ.ኤም. ሲለው መርሴዲስ ሳም፣ ቢ.ኤም.ደብሊው ኤፍ.አር.ኤም.፣ ቶዮታ ደግሞ ሜይን ቦዲ ኢ.ሲ.ዩ. ይለዋል። የሥራ ክፍፍሉም እንደ ስሙ ይለያያል። ክራይስለር ቲፕም የሚለው ሳጥን ለምሳሌ የነዳጅ ፓምፑን ሪሌ ጭምር ይዞ ነበር። በ2011 ሞዴል ጂፕ ግራንድ ቼሮኪና ዶጅ ዱራንጎ ላይ ይህ ሪሌ እየተበላሸ ሞተር አልነሳ እያለ ወይም በጉዞ ላይ እየጠፋ ስላስቸገረ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 መኪኖቹን ጠርቶ ከሳጥኑ ውጭ የሚቀመጥ ሪሌ ገጥሞላቸዋል።

ድሮ የመብራቱ ኃይል በቀጥታ በማብሪያው ውስጥ ያልፍ ነበር፤ ሪሌ ቢኖርም መንገዱን በዓይን መከተል ይቻል ነበር። የምቾት ዕቃው ሲበዛ ሽቦው በዛ፣ ከበደ፣ ተወሳሰበ። የጀርመኑ ቦሽ በ1983 ሥራውን ጀምሮ በ1986 ዲትሮይት ላይ ካን የተባለውን የመገናኛ ሥርዓት ይፋ አደረገ፤ በ1991 የወጣው መርሴዲስ ኤስ ክላስ ከቀደምት ተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥንድ የተጠማዘዘ ሽቦ የብዙ ኮምፒዩተሮችን ወሬ ያመላልሳል። እንደ መስኮት ሞተር ላሉ ቀላል ሥራዎች ደግሞ ሊን የሚባለው ባለ አንድ ሽቦ መስመር ተጨመረ። የድሮውን ዓይነት ብልሽት በአምፖልና በሽቦ ብቻ ሲፈልግ የኖረ ባለሙያ ከዚህ ለውጥ በኋላ ቢቸገር አይፈረድበትም፤ ማብሪያው አሁን ኃይል አያሳልፍም፣ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያቀርበው።

ምርመራው ከባትሪ ይጀምራል። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሠራ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.7 ይደርሳል። የደከመ ባትሪ ሞተሪኖውን ሲያዞር ቮልቱ ወርዶ ኮምፒዩተሮቹን ለቅጽበት ያደነዝዛቸዋል፤ እያንዳንዱም ሌላው ጠፋብኝ ብሎ ኮድ ይመዘግባል። ስካነር ሲሰካ አሥር ኮድ ተደርድሮ ሊወጣ ይችላል፤ መነሻው ግን አንድ ያረጀ ባትሪ ነው። ዩ 0140 የሚለው ኮድም በዚሁ መንገድ ያሳስታል። ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች የቦዲ ኮምፒዩተሩን ድምፅ አጡ ይላል እንጂ ሳጥኑ ተቃጥሏል አይልም፤ ኃይል ያልደረሰውም ሳጥን ድምፅ የለውም።

ቀጥሎ የሚታየው የኃይልና የግራውንድ መስመር ነው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። ከውስጡ ተበጣጥሶ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ፣ ጭነት ከሌለበት፣ ቴስተር ላይ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። ስለዚህ ሶኬቱ ተነቅሎ በኃይል መስመሩና በግራውንዱ መካከል አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ይገጠማል። አምፖሉ ወደ 1.75 አምፔር ይስባል፤ በደንብ ከበራ መስመሩ ሥራ ተሸክሞ ተፈትኗል ማለት ነው። ከደበዘዘ ጥፋቱ ከሳጥኑ ውጭ ነው። አምፖሉ እንደበራ ከግራውንድ ሽቦው እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለው ልዩነት ሲለካ ከ0.1 ቮልት በላይ ከሆነ ምንጣፉን ገልጦ ሽቦው ከቦዲው ጋር የታሰረበትን ቡሎን ማየት ያስፈልጋል። ዝገት ወይም ቀለም ከሥሩ ይገኛል። ይህ ፍተሻ የአንድ አምፖል ዋጋ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ሳይደረግ ሳጥን የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

የካን መስመሩ ደግሞ በኦሜትር ይፈተሻል። ባትሪው ተነቅሎ ባለ 16 ቀዳዳው የዳያግኖስ ሶኬት ላይ በ6ኛውና በ14ኛው መካከል 60 ኦም ገደማ ከተገኘ፣ በመስመሩ ሁለት ጫፍ ያሉት ባለ 120 ኦም ማቆሚያዎች በቦታቸው አሉ። 120 ካሳየ አንደኛው ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ተቋርጧል፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። መስመሮቹን የሚያገናኝ ጌትዌይ በመሐል ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ልኬቱ የሚናገረው ስለ ዳያግኖስ መስመሩ ብቻ ነው። ቦዲ ኮምፒዩተሩ ከጌትዌዩ በስተጀርባ በሌላ መስመር ላይ ስለሚቀመጥ የሞዴሉን የሽቦ ንድፍ ማየት ግድ ይላል።

ወሳኙ ፍተሻ ሦስቱን ነጥቦች ለይቶ ማየት ነው። ማብሪያው ሲጫን ስካነሩ ላይ ምልክቱ ይገባል? ሳጥኑ ትዕዛዙን ይሰጣል? ከሳጥኑ በሚወጣው እግር ላይ ቮልት አለ? ምልክት ገብቶ፣ ትዕዛዝ ተሰጥቶ፣ ጭነት ባለበት እግር ላይ ምንም ከሌለ፣ ያን ጊዜ ሳጥኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘመናዊ ሳጥኖች ሪሌን ትተው ሾርት ሲሰማቸው ራሳቸውን የሚዘጉ ሴሚኮንዳክተሮችን ይጠቀማሉ። ቢ.ኤም.ደብሊው ኤፍ.አር.ኤም. ሾርቱ ሲደጋገም እየቆጠረ ያን የመብራት መስመር ይቆልፈዋል፤ ሾርቱ ተገኝቶ ቆጣሪው በስካነር ካልተሰረዘ አዲስ አምፖል ቢገባም አይበራም። ያየው ሁሉ ሳጥኑ ሞቷል ይላል፤ እሱ ግን የታዘዘውን ጥበቃ እያደረገ ነው።

የሶኬት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የጄኔራል ሞተርስ ታሪክ ያሳያል። ኩባንያው በ2014 ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን፣ ከነዚህም መካከል ከ2004 እስከ 2012 የተሠሩ ሼቭሮሌ ማሊቡዎችን፣ ፖንቲያክ ጂ6ና ሳተርን ኦራን ጠራ። ፍሬን ሲረገጥ የፍሬን መብራቱ አይበራም፣ ሳይረገጥም ይበራል፤ ክሩዝ ኮንትሮልም ይስተጓጎላል። ምክንያቱ የቦዲ ኮምፒዩተሩ ሶኬት ነበር። መኪናው ሲንቀጠቀጥ የሶኬቱ እግሮች በማይታይ መጠን እየተፋተጉ በላያቸው ላይ ዝገት መሰል ሽፋን ይሠራሉ፤ የግንኙነቱ ተቃውሞም እየጨመረ ይሄዳል። መፍትሔው ሶኬቱ እንዳይነቃነቅ ማጥበቂያ ማስገባት፣ እግሮቹን ልዩ ቅባት መቀባትና የፍሬን ፔዳሉን መነሻ ቦታ እንደገና ማስተማር ነበር። ሚሊዮን መኪኖች የተጠሩበት ችግር በቅባትና በማጥበቂያ ተፈታ፤ ሶኬት ነቅሎ በጥሩ ብርሃን እግሮቹን አንድ በአንድ ማየት ለምን ሳጥን ከመግዛት እንደሚቀድም ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ሳጥኑ በእርግጥ የሚሞትበትም ጊዜ አለ። ዋናው ጠላቱ ውሃ ነው። የጣሪያ መስኮት ማፍሰሻ ሲደፈን ወይም የፊት መስታወቱ በደንብ ሳይለጠፍ ሲቀር ውሃው ከምሰሶው ሥር ወርዶ ሳጥኑ ላይ ያርፋል፤ እርጥብ ምንጣፍ ያለው መኪና ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው የውሃው መግቢያ ነው። ኋላ ላይ የሚገጠሙ ማንቂያዎች፣ የጂፒኤስ መከታተያዎችና ተጨማሪ መብራቶችም ሽቦው መሐል ላይ ተቀጥለው ሲገቡ ጉዳት ያደርሳሉ። የኤፍ.አር.ኤም. ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ ባትሪ ሲነቀል ወይም ቮልት ሲወርድ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ማስታወሻ ይበላሽበታል፤ መስኮትና ፍሬቻ ቆመው የፊት መብራት ብቻ በርቶ ይቀራል። ሃርድዌሩ ጤነኛ ስለሆነ መረጃውን አንብቦ ማስተካከል የሚችል ባለሙያ ሳጥኑን ሳይቀይር ያድነዋል።

መቀየር ግድ ሲሆን ነቅሎ መሰካት አይበቃም። አውሮፓ ከ1998 ጀምሮ አዲስ መኪኖች ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው ካስገደደች በኋላ ሳጥን፣ ቁልፍና ሞተር ኮምፒዩተር ይበልጥ ተሳሰሩ። ከሌላ መኪና የተነቀለ ሳጥን የዚያን መኪና የሻንሲ ቁጥርና ቁልፎች ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ የሄደበትንም ኪሎ ሜትር ይዟል፤ መኪናው ሲሸጥ ይህ ሕጋዊ ጣጣ ያመጣል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ያገለገለ ሳጥን የሚፈልግ ሰው በመልክና በሞዴል ሳይሆን በዕቃው ቁጥር መጠየቅ አለበት፤ ሁለት መንታ የሚመስሉ ሳጥኖች በሶፍትዌር ይለያያሉ። ከመነቀሉ በፊት የድሮው ኮዲንግ በስካነር ተነብቦ መቀመጥ አለበት። ፕሮግራም ሲደረግ ባትሪው ላይ ቮልት ጠብቆ የሚይዝ ቻርጀር ይሰካል፤ መሐል ላይ ኃይል ከወረደ አዲሱም ሳጥን ሊሞት ይችላል። በመጨረሻም ቁልፎቹና መስኮቶቹ፣ በአንዳንዱ ላይም የፍሬን ፔዳሉ እንደገና ይማራሉ። የድሮው ሳጥን ማስታወሻ ከተረፈ፣ መረጃውን ወደ ተመሳሳይ ሳጥን መገልበጥ ወይም ቦርዱን መጠገን ለእኛ አገር ጋራዥ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል። የአምራቾቹ ፕሮግራም የሚገዛው በአብዛኛው በኢንተርኔት፣ በውጭ ምንዛሪ ነውና።

ፕሮግራሙ በማን እጅ ይሁን የሚለው ክርክር በሌላውም ዓለም አልተዘጋም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት በ2012 ገለልተኛ ጋራዦች የአምራቹን የምርመራ መረጃ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረትም የጥገና መረጃን በ2007 ደንብ ውስጥ አካትቷል። አምራቾች በበኩላቸው ስርቆትንና ሰርጎ ገቦችን እየጠቀሱ በሩን ያጠብቃሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ የቁልፍ ፕሮግራም መሣሪያ ሌባም ይጠቀምበታል። ቢሆንም መኪናውን በሕግ የያዘ ሰው በመረጠው ጋራዥ እንዲያሠራ መንገዱ መከፈት አለበት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኗን ካሳወቀች ወዲህ ጉዳዩ ወደ ኤሌክትሪክ መኪናም ዞሯል። እነዚህም ቦዲ ኮምፒዩተር አላቸው። ቴስላ ሞዴል 3 ለምሳሌ ሥራውን ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ ለተቀመጡ ሦስት ሳጥኖች አከፋፍሎ፣ ብዙውን ፊውዝና ሪሌ በሴሚኮንዳክተር ተክቷል። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች ግን ዋናውን መስመር የሚዘጉት ማገናኛዎች ስለማይሠሩ መኪናው አይንቀሳቀስም። የ21 ዋት አምፖሉ ፍተሻ በባለ 12 ቮልቱ ወገን ላይ እንደ ድሮው ይሠራል። ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸው ወፍራም ኬብሎች ግን ገዳይ ቮልት የሚያልፍባቸው ስለሆኑ፣ ለዚያ የሠለጠነና መከላከያ ጓንት ያደረገ ባለሙያ ብቻ ነው የሚነካቸው።