ተጨማሪ መረጃ፦ ፀሐይን የሚመክት የልጆች ልብስ

ከፀሐይ የሚመጣውና ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ለአንዲት አሜሪካዊት እናት የሥራዋ መነሻ ሆኗል። የካሊፎርኒያ ነዋሪ ናት። ባለቤቷ በወጣትነቱ ሜላኖማ በተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ሞተባት። ልጆቿን ከፀሐይ የሚጠብቅ የዋና ልብስ በማሰብ የጀመረችው ሥራ አድጎ ዩቪ ስኪንዝ የተባለ ድርጅት ሆነ። ሐዘኗን የሌሎች ልጆች መከላከያ ማድረጓ በእውነት የሚያስመሰግን ነው።

እንዲህ ባሉ ልብሶች ላይ «ዩፒኤፍ 50» የሚል ምልክት ይገኛል። ዩፒኤፍ አንድ ጨርቅ አልትራቫዮሌትን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ 50 ሲሆን ጨርቁ ላይ ካረፈው ጨረር ወደ ቆዳ የሚያልፈው ከ50 አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ስስ ነጭ የጥጥ ከነቴራ፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያሳልፋል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጠነክር የደጋ ፀሐይ ብርድ ቢኖርም ያቃጥላል። አልቢኒዝም (የቆዳ ቀለም እጥረት) ላለባቸው ልጆች ደግሞ ረጅም እጅጌና ሰፊ ባርኔጣ የግድ ናቸው።

ሞክሩት፦ አንድ ከነቴራ በመስኮት ብርሃን ፊት ዘርጉ (ፀሐይዋን በቀጥታ አትመልከቱ)። ቀጥሎ ወጥሩት፤ ከዚያም አርጥቡት። ብርሃን አብዝቶ ያሳለፈው መቼ ነው?