ከኮሶበር እስከ ስድስት ኪሎ፦ ስለ ሙዚየም ጉብኝት የሚወራውና እውነቱ

እንጅባራ (ኮሶበር) ላይ "ተማሪዎቹ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው" ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ድንቅነሽ ናት። ጉጉታቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቅር ብሏቸው የሚመለሱም አሉ፤ ምክንያቱ ደግሞ ከቤት ሰምተውት የወጡት ወሬ ነው።

"መስታወት ውስጥ የተኛችው ራሷ ድንቅነሽ ናት" ይባላል። አምስት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ለሕዝብ የሚታየው በአጥንቷ ልክ የተሠራ ቅጂ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይጠበቃል። ይህን ሲሰሙ "ተታለልን" የሚሉ አሉ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ አጥንት አንዴ ከተሰበረ ከየት ይተካል? ልጆች ይህን አውቀው ከሄዱ ዓይናቸው ዳሌዋና ጉልበቷ ላይ ያርፋል፤ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር የሚመሰክሩት እነሱ ናቸውና።

"ሰላም የድንቅነሽ ልጅ ናት" የሚለውም ስህተት ነው። የፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላም በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተች ሕፃን ብትሆንም ድንቅነሽን 100 ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማታለች። ድንቅነሽም ብትሆን ከሁሉ የቀደመች አይደለችም፤ አርዲ የምትባለው ሌላዋ ቅሪተ አካል 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው።

"ዕድሜዋ የታወቀው አጥንቷ ተመርምሮ ነው" የሚለው ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆም እፈልጋለሁ፤ ጉዳዩ ደጃችን ድረስ ይመጣል። የተለካው አጥንቷ በተገኘበት ደለል መሀል የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ቅንጣቶች ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ አመዱ ከቀዘቀዘበት ጊዜ ጀምሮ ጋዙ በቅንጣቶቹ ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ ዓመቱ ይሰላል። ለኮሶበር ልጅ እሳተ ገሞራ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ዘንገና ሐይቅ ውኃ የሞላው የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከጉዞው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ዘንገና ዳር አስቀምጦ ክብ ጠርዙን እያሳዩ ይህንኑ መንገር ምንም ወጪ የለውም።

"ጉብኝቱ የሚጀምረው ሙዚየሙ በር ላይ ነው" ብሎ መንገዱን በእንቅልፍ መጨረስም ያስቆጫል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ልጆቹን ቀስቅሱልኝ። ከላይ ጥቁር ባዛልት፣ ዝቅ ሲል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ በየተራ ይታያሉ። የኖራ ድንጋዩ የባሕር ወለል ዝቃጭ ነው፤ በዳይኖሰሮች ዘመን ይህ አገር ባሕር ለብሶ ነበር።

"ሙዚየሙ አንድ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃል" የሚሉም አሉ። አራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ የአራዊትና የአዕዋፍ ስብስብ አለ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ጠዋቱን ለአምስት ኪሎ፣ ከሰዓቱን ለስድስት ኪሎ ስጡ፤ ሦስቱንም መሮጥ ድካም ብቻ ነው የሚያተርፈው። ስድስት ኪሎ ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልጅነት ተነስቶ እስከ ሞት። የንጉሠ ነገሥቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤትም እዚያው ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያን ያቆመው ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት ይቆጥር ነበር። ዛሬ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል።

"የእኛ የአገው ነገር እዚያ ምን አለ?" ለሚል ወላጅ መልሴ ደብተር ነው። ልጁ ከመሄዱ በፊት አያቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ መሶቡን፣ ማሰሮውን፣ ጥር 23 ቀን በአገው ፈረሰኞች በዓል አደባባይ የሚወጣውን ፈረስ ኮርቻና ልጓም በአዊኛ ምን እንደሚሉት ጠይቆ ይጻፍ። ከጎኑ ባዶ ረድፍ ይተው። ስድስት ኪሎ ደርሶ መስታወቱ ፊት ሲቆም የሌላው አገር ሰው ያንኑ ዕቃ እንዴት እንደሠራውና ምን ብሎ እንደጠራው በባዶው ረድፍ ይሞላዋል።