ማራራቅ እንጂ ማቆም አይባልም

እናቴ ዘጠኝ ወለደች፤ እኔ ሦስት። ሁለታችንም ሐይቅ ከተማ የወለድን ሙስሊሞች ነን፤ ሶላታችንም አንድ ነው። «ብዙ የሚያስወልደው ሃይማኖት ነው» ሲባል ስሰማ መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

ጡረታ እስክወጣ ሐይቅና አምባሰል ጤና ጣቢያ በነርስነት ሠርቻለሁ። የእርግዝና መከላከያ መርፌ ልትወጋ መጥታ «ላቆም ነው» ያለችኝ ሴት አላስታውስም። «ለማራራቅ ነው ሲስተር» ነው የሚሉት። ማቆም በፈጣሪ ሥራ መግባት ይመስላል። ማራራቅ ግን መንገድ አለው፤ ቁርዓን ሁለት ዓመት ማጥባትን ያነሳል፣ ሸኾችም የነቢዩ ባልደረቦች (ሰሃቦች) ያደርጉት የነበረውን አዝል (ዘርን ውጭ ማፍሰስ) ይጠቅሳሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ደግሞ ጾሙን አጥብቀው ከያዙ በዓመት ብዙ ሌሊት መኝታ ይለያሉ። (በቀረው ሌሊት ግን ይረገዛል!)

ካርዷን እኔ ዘንድ ትታ የምትሄድ ነበረች፣ ባሏ እንዳያይባት። ባልየው «ልጅ ሪዝቁን ይዞ ይመጣል» ይላል፤ ክርስቲያኑም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል። እኔ እንደታዘብኩት ሁለቱም በልባቸው የሚያስቡት ከብት ጠባቂና የእርጅና ጧሪ ነው።

የሚያስወልደው ሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ ቁጥሩም ይናገራል። በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ በ1992 ዓ.ም. 5.9 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 3.7 ሆነ። በነዚያ ዓመታት የክልሉ ሃይማኖት ብዙም አልተቀየረም። የተቀየረው ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መግባቷና ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በር ማንኳኳቷ ነው። ትግራይም እንደ አማራ ክልል በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ በዚያው በ2008 ግን 4.7 ነበር። በአብዛኛው ሙስሊም የሆነው ሶማሌ ክልል ያኔ 7.2 ነበር፤ ሙስሊሟ ኢራን ግን በሃይማኖት መሪዎቿ ድጋፍ ጭምር በሃያ ዓመት ውስጥ ከስድስት በላይ ከነበረው ወደ ሁለት ገደማ ወርዳለች።

ሃይማኖት ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም። ልጅቷ በስንት ዓመቷ እንደምትዳር፣ መርፌው ሀራም ይሁን ሐላል የሚሰማው ከሸኹና ከነፍስ አባቱ አፍ ነው። አንድ ሸኽ ከጁምዓ በኋላ ስለ ማራራቅ ካነሱ፣ በማግስቱ የእኔ ወረፋ ይረዝም ነበር። ደግሞ ብዙ መውለድን የሚመርቀው ሃይማኖት ያልወለደውንም ያከብራል፤ ከሐይቁ ዳር ሴት የማትገባበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፣ መነኮሳቱን እኛም ሙስሊሞቹ እናከብራቸዋለን።

ታናሿ ልጄ ደሴ ተድራ አንድ ወልዳለች። ሁለተኛው መቼ ነው ስላት «እያራራቅኩ ነው እማ» ትለኛለች። ልጇ ሰባት ዓመት ሞልቶታል።