የስኳር ደዌ ቆዳንና እግርን እንዴት እንደሚጐዳ

የስኳር ደዌ የሚባለው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልኩ አልፎ ሲበዛ የሚመጣ ሕመም ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክቱ ጥማትና ሽንት ማብዛት ነው፤ ነገር ግን ቆዳም አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። አንገቱና ብብቱ ጠቍሮ እንደ ከፋይ የወፈረበት፥ ብጉንጅ እየተመላለሰ የሚያስቸግረው፥ በእግሩ ጣቶች መካከል ወይም በብሽሽቱ ቆዳው እየተላጠ የሚያሳክከው ሰው ደሙን ማስመርመር ይገባዋል። ምልክቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ከሁሉ የሚከፋው የእግር ቁስል ነው። ስኳሩ በብዙ ዘመን የስሜትን ሥሮች፥ ነርቭ የሚባሉትን፥ ይጐዳል። እግር ማላቡን ይተዋል፥ ቆዳውም ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሕመም መስማትም ያቆማል። እንግዲህ ጠጠር በጫማው ቢገባ፥ የከሰል ምድጃም ቢያቃጥለው ባለቤቱ አያውቅም። ወደ እግር የሚወርደው ደም ሲያንስ ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ስለማያመውም ቀላል ይመስለዋል።

በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ በዘነበ ወርቅ ሠፈር ያለው የአለርት ሆስፒታል እንዲህ ያለውን እግር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከጣልያን ወረራ በፊት በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራው ሆስፒታል ነው፤ አለርትም በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ። የሥጋ ደዌም የስሜትን ሥር የሚጐዳ ስለ ሆነ፥ ስለ ደነዘዘ እግር አጠባበቅ ብዙው ትምህርት የተገኘው ከነዚህ ሕሙማን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ በህንድ አገር ከእነርሱ የተማረውን ኋላ በአሜሪካ ለስኳር ሕሙማን አዋለው፤ ቁስሉ የማይድነው ሰውየው ሳይሰማው እየረገጠው መሆኑን አስረዳ።

አንዳንድ ሰው ግን «ዘነበ ወርቅ ታየ እንዳልባል» ብሎ ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሰውራል። ይህ ከንቱ ፍርሃት ነው፤ የስኳር ደዌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፥ የሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል።

የስኳር ሕመምተኛ ማታ ማታ እግሩን በብርሃን ይመልከት፤ ውስጥ እግሩን ማየት ያልቻለ እንደ ሆነ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይይለት። ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፥ ሙቀቱንም በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ። በጣቶቹ መካከል ያለውን በሚገባ ያድርቅ፤ ሌላውን ቅባት ይቀባ። ጫማውን ሳያራግፍ አያጥልቅ። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ መቍረጥ፥ በቁስል ላይ ነጭ ሽንኩርት ማሰር፥ በፍል ውሃ መዘፍዘፍ እግር እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል። ቁስል ባየ ጊዜ የገበያ ቀን ሳይጠብቅ በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።