አፍላ ወጣት ልጆቻችንና የምስጋና ሕይወት

ምእመናን በየዕለቱ ስንገናኝ «እንደምን አደራችሁ?» ብለን ስንጠያየቅ፣ ስለ ጤናችን ከመናገራችን አስቀድመን የምንመልሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ነው። ሰው መልካም ሲያደርግልንም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ይኸውም «ያደረግህልኝን እኔ ልመልሰው አልችልምና በእኔ ፈንታ እርሱ ይስጥህ» ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች ውስጥ ሙሉ ትምህርት አለ። የበጎ ነገር ሁሉ ምንጭ እግዚአብሔር እንደሆነና ሰው የእርሱን ስጦታ የሚያቀብል እጅ እንደሆነ ይናገራሉ። ልጆቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ እነዚህን ቃላት ከቤተሰባቸው ይማራሉ። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ግን ቃላቱ ከአንደበታቸው እየራቁ ይሄዳሉ። ብዙ ወላጆችም «ልጄ ምንም ቢደረግለት አያመሰግንም» እያሉ ለንስሐ አባታቸው የሚያዝኑት በዚህ ጊዜ ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ምስጋናን የምታስተምረው በሥርዓተ አምልኮቷ ነው። ጌታችን ሥጋውንና ደሙን የሰጠበት ምሥጢር ራሱ «አኰቴተ ቁርባን» ይባላል፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነውና። በሥርዓተ ቅዳሴ መጀመሪያ ላይ የሚጸለየው የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኰቴትም ልመናን ከማቅረብ አስቀድሞ እግዚአብሔር ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳንና እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ያመሰግናል። ልብ እንበል፤ የሚያመሰግነው ስለ ታላላቅ ተአምራት ሳይሆን በሰላም ስለ መድረስ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያስቀድስ የኖረ ወጣት ይህን ጸሎት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሰምቶታል። ምን እንደሚል የነገረው ሰው መኖሩ ግን ያጠራጥራል። መጽሐፈ ቅዳሴ ግእዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን ይዞ ይገኛል፤ አባት ከልጁ ጋር አንድ ምሽት ተቀምጦ ይህን አንድ ጸሎት ቢያነብ ከብዙ ተግሣጽ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ስለ ምስጋና ስንናገር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፈው የዐሥሩ ለምጻሞች ታሪክ ወዲያው ትዝ ይለናል። ከታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር አለ። ሳይመለሱ የቀሩት ዘጠኙ ጌታን የካዱ ወይም የሰደቡ አልነበሩም፤ ወደ ካህናት ሂዱ ተብለው የታዘዙትን እየፈጸሙ ነበር። በፊታቸው ያለው አዲስ ሕይወት ሁለንተናቸውን ስለ ያዘው ወደ ኋላ መመልከትን ረሱ። የአፍላ ወጣት ልብም እንዲሁ ነው፤ ዓይኑ ወደ ፊት ወደሚሆነው ያያልና ከኋላው የቆመውን እጅ ይረሳል። ጌታችን ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ፤ አለማመስገናቸውን አላቃለለውም። ነገር ግን ፈውሱን አልነጠቃቸውም፤ ለምጹንም አልመለሰባቸውም። ለወላጅ ከዚህ የሚበልጥ አብነት አይገኝም።

በብዙ ቤቶች የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ምስጋና የሚጠየቀው በጠብ ሰዓት ነው። ልጁ ሲያጠፋ ወይም ሲመልስ «ስንት ሆኜ ያሳደግሁህ! ሳልበላ ያበላሁህ፣ ሳልለብስ ያለበስሁህ!» የሚለው ንግግር ይጀመራል፤ ውለታ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በመጨረሻም «ውለታ ቢስ» የሚለው ስም ይወጣለታል። የተነገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ልጁ የሚሰማው ግን የዕዳ መዝገብ ሲነበብ ነው። ባለ ዕዳ ደግሞ አበዳሪውን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል እንጂ ሊያመሰግነው አይቀርብም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን 6፥4 እና በቆላስይስ 3፥21 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡና ልባቸው እንዳይዝል እንዲጠነቀቁ የሚያዝዘው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ይመስለኛል። እግዚአብሔርን ማመስገን ያለብን የተሰጠን በነጻ ስለሆነ ነው፤ ወላጅ ስጦታውን ወደ ብድር ከለወጠው ልጁ ነጻ ስጦታ ምን እንደሆነ ከየት ይማራል?

ይህ ሲባል ግን ድካማችንን ከልጆቻችን እንሰውር ማለት አይደለም። መሰወሩም ሌላ ጉዳት አለው። በሀገራችን በብዙ ቤት የሚታየውን አንድ ነገር እንመልከት። አክስት ወይም ታላቅ እኅት ወደ ዐረብ ሀገር ሄዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ በምትልከው ገንዘብ የታናናሾቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፈላል፣ ስልክና ጫማ ይገዛል። ወጣቱ እርሷን የሚያውቃት በስልክ ውስጥ ባለች ድምፅ ብቻ ነው፤ ሲደውልላትም «እትዬ፣ ይህን ላኪልኝ» ለማለት ነው። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ገንዘቡ ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደሚደርስ ማንም አልነገረውም። ወላጆች በቁጣ ሳይሆን በሰላም ሰዓት ሊነግሩት ይገባል፤ ስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ የዕረፍት ቀን እንዳላትና እንደሌላት፣ በዓል ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ባትችል እንዴት እንደምታሳልፈው። ከዚያም ምንም ሳይጠይቃት ስለ ውሎዋ ብቻ እንዲያወራት ያድርጉት። በማታ ጸሎት በክርስትና ስሟ እርሱ ራሱ ያንሣት። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ሲገኝም በርበሬውን፣ ሽሮውንና ቡናውን በእጁ ያሽግላት። በእጁ ያሸገውን ሰው የድካም ዋጋ ማወቁ አይቀርም። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚያድጉ ልጆችም ነገሩ ያው ነው፤ የአባታቸውን የሌሊት ሥራ በመውጣቱና በመግባቱ ብቻ የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የልጅን ነፍስ በሮች ባሏት ከተማ ይመስላታል፤ ወላጆችም በሮቿን እንዲጠብቁ ይመክራል። በዚሁ ድርሳን አንድ ቀላል የሚመስል ምክር አለ፤ ልጁ እግሩን መታጠብ ቢፈልግ ራሱ ይጠብ እንጂ አገልጋይ አይጠበው ይላል። ምክሩ ለዛሬ ቤቶቻችንም ይሠራል። የቤት ሠራተኛ ባለችበት ቤት ያደገ ልጅ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ውኃ አምጪ ብሎ ይጣራል፤ የበላበትን ሳህን ትቶ ይነሣል። እናቱን በእናቶች ቀን በአበባ ቢያመሰግን እንኳ ምግቡን ያበሰለችለትን እኅት አንድ ቀን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ካላላት ምስጋናው ገና ሥር አልሰደደም። ቀድሞ ልጆች ማስታጠቢያ ይዘው ከትልቅ እስከ ትንሽ የእንግዳውን ሁሉ እጅ ያስታጥቡ ነበር። እጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሲመጣ ይህ አገልግሎት ከብዙ ቤት ጠፋ፤ በምትኩ ግን ሌላ አላስቀመጥንም።

ጾምም የምስጋና ትምህርት ቤት ነው። እስራኤል በምድረ በዳ ለአርባ ዓመት መና እየበሉ ያጉረመረሙት በየዕለቱ ይወርድ ስለነበረ ነው፤ ዕለት ዕለት የሚገኝ ነገር ስጦታ መሆኑ ይረሳል። ዐቅሙ የፈቀደ ወጣት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ እንጀራ ሲቀርብለት የማዕዱን ጸሎት በሌላ ልብ ይጸልያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። «ተመስገን በል!» የሚለው ቃል የልጅን አፍ መዝጊያ መሆን የለበትም። በፈተና የወደቀ፣ በጓደኞቹ የተገፋ፣ ወይም የእናትና አባቱን ጠብ እየሰማ የሚያድር ልጅ ሕመሙን ሲናገር «ስንት የተራበ አለ፣ አንተ ምን ጎደለህ?» ቢባል ምስጋናን አይማርም፤ የሚማረው ዝምታን ነው። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ ያለቅሳል፣ ይጠይቃል፣ ያመሰግናልም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በስደት ሳለ ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያስ በጻፋቸው መልእክቶች የደረሰበትን ሕመምና የመንገዱን እንግልት አልሸሸገም፤ ሆኖም በ407 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር በግዞት መንገድ ላይ ሲያርፍ ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን እያከበረ ነበር። ያለቀሰው ቅዱስና ያመሰገነው ቅዱስ አንድ ነው። ልጁ በመጀመሪያ ይደመጥ፤ ምስጋናው ከተደመጠ በኋላ ይመጣል።

ወላጆችስ? ከቅዳሴ ስንመለስ የስብከቱን መርዘም፣ የመዘምራኑን ስሕተትና የሰውን አለባበስ እየነቀፍን ቤት ከደረስን ልጁ ከቅዳሴው ይልቅ የመንገዱን ትምህርት ይዞ ይገባል። ባል ሚስቱን ስለ ወጡ፣ ሚስትም ባሏን ስለ ድካሙ በልጆች ፊት የምታመሰግንበት ቤት ግን ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም ለማለት ይቻላል። ልጅም ሲታዘዝ ይመስገን። «ግዴታው ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ልክ ነው፣ ግዴታው ነው። የእኛ ማብላትና ማልበስም ግዴታችን ነበር፤ እርሱ ስለዚያ እንዲያመሰግን ግን እንጠብቃለን።

ደግሞም የወጣት ምስጋና ሁልጊዜ በቃል አይመጣም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የውስጣቸውን መናገር ያፍራሉ። እናቱ ስትደክም አይቶ ሳይጠየቅ ውኃ የቀዳ፣ አባቱ እስኪመጣ እራቱን ያቈየ፣ ታናሽ እኅቱን ከትምህርት ቤት ያመጣ ልጅ አመስግኗል። ይህን ያስተዋለች እናት «አይቼሃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብትለው አንገቱን ደፍቶ «ምንም አይደል» ይላታል፤ እርሷም ከዚያ በላይ እንዲናገር አታስጨንቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።