ከሌላ ፋብሪካ ስለሚመጣ የመኪና ጭስ ማውጫ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች በጥገና ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ ባለቤቶቻቸው የሚመኙ መሆናቸው ግልጽ ነው። መኪና ባረጀ ቍጥር ደግሞ አስቀድመው ከሚበሰብሱት ክፍሎች አንዱ የጭስ ማውጫው ነው። ስለዚህ በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ መለዋወጫ ለሚሸጡ፣ እንደዚሁም ከውጭ አገር ለሚያስመጡ ነጋዴዎች፣ የመኪናው ፋብሪካ ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ ስለሚሠራው የጭስ ማውጫ ጥቅምና ጉዳት ጥቂት ማብራራት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የጭስ ማውጫ ሲባል አንድ ቧንቧ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ከሞተሩ ጭሱን የሚሰበስበው ባለ ብዙ እጅ ቧንቧ አለ። ቀጥሎ መርዛማውን ጭስ የሚያነጻው ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ከዚያም ድምፁን የሚያፍነውና መካኒኮች ማርሚታ የሚሉት ክፍል፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ የሚወጣው ቧንቧ ይገኛሉ። ከሌላ ፋብሪካ የሚመጣውም ዕቃ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የተበላሸውን ተክቶ መኪናውን ወደ ቀድሞው ሁኔታ የሚመልስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመኪናውን ድምፅና ኃይል ለመለወጥ የሚሠራና በተለምዶ የስፖርት የሚባለው ነው። ነጋዴው እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ካላወቀ፣ ለአንዱ የሚገባውን ምስጋና ለሌላው እየሰጠ ደንበኛውን ያሳስታል።

አስቀድሞ ማርሚታ ለምን እንደሚበሰብስ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናው ረጅም መንገድ ሲሄድ ቧንቧው ስለሚግል እንፋሎቱ ተንኖ ያልፋል። በከተማ ውስጥ ከቤት እስከ ሱቅ ብቻ የሚመላለስ መኪና ግን ቧንቧው ሳይሞቅ ስለሚቆም፣ ውሃው በማርሚታው ሆድ ተጠራቅሞ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ብዙ ያልተነዳ መኪና ማርሚታው ቶሎ ቢበሳ የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንመለስ። የመጀመሪያው ጥቅም ዋጋው ነው፤ ከሌላ ፋብሪካ የመጣው ተተኪ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከኦርጅናሉ ይረክሳል። ሁለተኛው፣ የመኪናው ፋብሪካ መሥራቱን ለተወው አሮጌ ሞዴል ዕቃ ማግኘት መቻሉ ነው። ሦስተኛው፣ አንዳንድ ጊዜ ከኦርጅናሉ የተሻለ ብረት መገኘቱ ነው።

ስለ ብረቱ ትንሽ እንጨምር። ተራው ብረት እርካሽ ነው፤ ግን ቶሎ ይዝጋል። በአሉሚኒየም የተለበጠው ብረት ከእርሱ ይሻላል፤ ሆኖም ብየዳ ባረፈበት ቦታ ልባጡ ስለሚቃጠል ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። የማይዝግ ብረት የሚባለውም ሁሉ እኩል አይደለም። 409 የተባለው ክሮሚየሙ ከመቶ 11 እጅ ያህል ሲሆን፣ 304 የተባለው ከመቶ 18 እጅ ያህል ክሮሚየምና ከመቶ 8 እጅ ያህል ኒኬል አለበት፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ነጋዴው በሱቁ ውስጥ በማግኔት ሊፈትነው ይችላል። ማግኔት በ304 ላይ ብዙውን ጊዜ አይያዝም፤ በ409፣ በተለበጠውና በተራው ብረት ላይ ግን ይያዛል። እንግዲህ ሻጩ ፋብሪካ “304 ነው” ብሎ የላከው ዕቃ ማግኔቱን አጥብቆ ከያዘ፣ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይገባል።

እርካሹ ሁልጊዜ እርካሽ አለመሆኑን ለማሳየት ለምሳሌ ያህል ብቻ ይህን ስሌት እናቅርብ። አንዱ ማርሚታ 6,000 ብር ዋጋ ኖሮት 2 ዓመት ቢያገለግል፣ ሌላው 10,000 ብር ዋጋ ኖሮት 6 ዓመት ቢያገለግል፣ የመግጠሚያውም ዋጋ በየጊዜው 1,000 ብር ቢሆን፣ በ6 ዓመት ውስጥ እርካሹ 21,000 ብር ሲያስወጣ ውዱ የሚያስወጣው 11,000 ብር ነው። ይህን ስሌት ለደንበኛው በወረቀት አድርጎ የሚያሳይ ባለ ሱቅ አመኔታን ያተርፋል።

ጉዳቱም ብዙ ነው። በመጀመሪያ፣ ልኩ ያልጠበቀ ቧንቧ ማንጠልጠያው ከመኪናው ጋር አይገጥምም፤ በግድ ሲገጠምም ይንቀጠቀጣል፣ መጋጠሚያውም ያፈሳል። ይህ በድምፅ ብቻ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ወደ ተሳፋሪዎቹ ክፍል ቢገባ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ አዲስ ጋስኬት ሳይገባና ፍሳሹ ሳይፈተሽ መኪናው ከጋራዥ መውጣት የለበትም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የስፖርቱ ዐይነት ስለሚሰጠው ኃይል የሚነገረው ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። በተራ መኪና ላይ ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በስተኋላ ያለውን ክፍል ብቻ መለወጥ ቢበዛ ከመቶ ጥቂት እጅ ኃይል ቢጨምር ነው፤ ያውም ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ነው። ቧንቧው ከሚገባው በላይ ሰፊ ከሆነ ግን የጭሱ ፍሰት ይዘገያል፤ መኪናውም ከቆመበት ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ጕልበት ያንሰዋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ መኪናው ደካማ መስሎ ቢታየው፣ ምክንያቱ ማርሚታው ላይሆን ይችላል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ኃይሉ ይቀንሳል። ይህን ማርሚታ በመለወጥ መመለስ አይቻልም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ አንዳንዶች ኮንቨርተሩን አውጥተው በባዶ ቧንቧ ይተኩታል። በአሜሪካ በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1975 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ የተገጠመው ይህ ዕቃ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ብዙ የማይጎዳ ጋዝ የሚለውጥ በመሆኑ፣ መውጣቱ የከተማውን አየር ይመርዛል። በአዳዲሶቹ መኪናዎችም የሞተሩ የማስጠንቀቂያ መብራት እንዲበራ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ በውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት ስላሉበት አሮጌው ራሱ ዋጋ አለው። እንግዲህ የወጣው ኮንቨርተር የመኪናው ባለቤት ንብረት መሆኑን አውቆ በእጁ ማስረከብ፣ ወይም ዋጋውን ተስማምቶ መግዛት፣ የቅን ነጋዴ ግዴታ ነው።

ለአስመጪዎች ደግሞ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ትእዛዝ ሲላክ የመኪናው ስም ብቻ አይበቃም፤ የተሠራበት ዓመት፣ የሻንሲው ዐይነትና የሞተሩ መለያ አብረው ይጻፉ። በማርሚታው ላይም በክብ ውስጥ የላቲኑ “ኢ” ፊደልና ቍጥር መታተሙ ይታይ፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ኢጣልያ የፈቀዱት መሆኑን ያመለክታል። ለተተኪ ማርሚታ በተባበሩት መንግሥታት የወጣው ደንብ ቍጥር 59 ሲሆን፣ ለተተኪ ኮንቨርተር ቍጥር 103 ነው። ሁለተኛ፣ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ማርሚታና የጭስ ቧንቧ በ8708.92 ሲመደቡ፣ ኮንቨርተር በ2022 የኤውሮፓ ዓመት እትም በ8421.32 ስለተመደበ፣ ሁለቱ በሰነዱ ላይ እንዳይደባለቁ ከጉምሩክ አስተላላፊው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ማርሚታ ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ብዙ ስፍራ የሚይዝ ዕቃ ነው። በባሕር ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በአንድ ኮንቴይነር ሲጫን፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቶንና ከአንድ ሜትር ኵብ በሚበልጠው ስለሚታሰብ፣ የጭነቱ ሒሳብ በኪሎ ሳይሆን በስፋቱ ይወጣል። ይህን ሳያስብ ዋጋ የቆረጠ አስመጪ ትርፉን ጅቡቲ ላይ ያጣዋል።

ባለ ሱቆችም ከመሸጣቸው በፊት ደንበኛውን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት፤ መኪናው የሚሄደው በከተማ ነው ወይስ በረጅም መንገድ? ለስንት ዓመት ሊይዘው ያስባል? የሚፈልገው የተበላሸውን መተካት ነው ወይስ ድምፅ መለወጥ? ድምፅ ለመለወጥ ከሆነ፣ ጎረቤቱ በሌሊት እንቅልፍ እንደሚያጣ በግልጽ ይነገረው። መልሱ ከታወቀ በኋላ የብረቱን ዐይነትና የዋስትናውን ጊዜ በደረሰኙ ላይ መጻፍ አይረሳ። በአንድ ማርሚታ የተታለለ ደንበኛ ለፍሬንም ለባትሪም ወደዚያ ሱቅ አይመለስምና።