ስፒሩሊና በደጋ፦ የሙቅ ሐይቅ ዋቅላሚ መካነ ሰላም ላይ ይለማል?

ከቢሾፍቱ ሐይቆች አንዱ አረንጓዴ ሐይቅ ይባላል። ቀለሙን የሰጠው ከፀጉር የቀጠነና የተጠማዘዘ፣ አንዱ ለብቻው በዓይን የማይለይ ዋቅላሚ ነው። ተመራማሪዎች አርትሮስፓይራ ይሉታል፤ ገበያው የሚያውቀው ስፒሩሊና በሚለው ስሙ ነው። በሳይንሱ አመዳደብ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ እንደ ተክል ግን ከፀሐይ ብርሃን የራሱን ምግብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1973 ታሊንግ የተባለው የውኃ ሥነ ሕይወት ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ዋቅላሚ በብርሃን ምግብ የማምረት አቅሙ ጣሪያ የት ድረስ እንደሆነ የሚመረምር ጥናት አሳትመው ነበር። ማስረጃ ያደረጉት የኢትዮጵያን የሶዳ ሐይቆች ነው፤ አንዱ ይኸው አረንጓዴ ሐይቅ ነበር። ከተፈጥሮ ውኃዎች ሁሉ እጅግ ምርታማ ከሚባሉት መካከል የሚመደብ ሐይቅ ከአዲስ አበባ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ አለን።

ሰው ይህን ዋቅላሚ መብላት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በቻድ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ የካኔም ሴቶች ከውኃው ላይ ገፈው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው፣ ዲሄ ብለው ይሸጡታል፤ መረቅ ይሠራበታል። በሜክሲኮ አዝቴኮች ከቴስኮኮ ሐይቅ ይሰበስቡት ነበር። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ዋነኛ ተመጋቢው ፍላሚንጎ ነው። ከሻላ አጠገብ ያለችው ትንሿ የጭቱ ሐይቅ በዚህ ትታወቃለች። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ኤልሳቤጥ ከበደና ከስዊድን ጉኔል አልግሬን ከዚያችው ሐይቅ የተወሰደውን ስፒሩሊና ቤተ ሙከራ ውስጥ አሳድገው፣ ለእድገቱ የሚስማማው ሁኔታ ምን እንደሆነና ብርሃንን እንዴት እንደሚጠቀምበት በ1996 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ስለዚህ ዘሩም ዕውቀቱም የአገር ውስጥ ነው።

ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ወደ ቦረና ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከአረንጓዴ ሐይቅ 700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ስፒሩሊና በደንብ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ክፍት ገንዳ ላይ ዘርቶ ምርት መጠበቅ ልፋት ብቻ ነው።

ከቅዝቃዜው ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጠላት ግን የጠዋት ፀሐይ ነው። ዋቅላሚው ሌሊቱን በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ሲያድር ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጥበት ሥራ ይፈዛል። በዚያ ላይ የደጋው ኃይለኛ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ሊጠቀምበት ያልቻለው ብርሃን ራሱን ይጎዳዋል። ደጋ ፀሐይ ስላለው ለዋቅላሚ ይመቻል የሚለው ግምት ግማሽ እውነት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ብርሃን የሚጠቅመው ሙቀት አብሮት ሲኖር ነው። ዶክተር አምሃ በላይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በወጣትነታቸው ያጠኑት ብርዱን ሳይሆን ይህንኑ የብርሃን ጉዳት ነበር፤ ኃይለኛ ብርሃን የሐይቅ ዋቅላሚን እንዴት ሥራ እንደሚያስፈታ። በኋላ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ በሚገኘው ኧርዝራይዝ በተባለው ትልቅ የስፒሩሊና እርሻ የምርምሩ መሪ ሆነው ሠሩ፤ ስለ ስፒሩሊና አመራረት የጻፉትም በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳል። ይህን ሙያ ለሚጀምር ወጣት ከእሳቸው ጽሑፎች የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ስለዚህ መካነ ሰላም ላይ ገንዳው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ መሆን አለበት። ሌሊት ውኃው ራሱ በሌላ ላስቲክ ይሸፈናል፤ ጠዋት ደግሞ ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ጥላ ይደረግበታል። ጥላውን ማንሳት ቴርሞሜትር አይቶ እንጂ በግምት አይሆንም። ገንዳው ጥልቅ አይሆንም፤ ውኃው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ለዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚነጠፈው ጂኦሜምብሬን በእንጨት ክፈፍ ላይ ሲዘረጋ ጥሩ ገንዳ ይወጣዋል። ደመና በበዛበት ክረምት ምርቱ መውረዱ አይቀርም። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ግን ሌሊቱም ስለሚሞቅ ከዚህ ድካም አብዛኛው ይቀራል። አንድ ቤተሰብ ደጋም ቆላም መሬት ካለው እኔ ቆላውን እመርጥለታለሁ።

ውኃው ጨዋማ፣ ደግሞም ኮምጣጣ ሳይሆን የኮምጣጣ ተቃራኒ መሆን አለበት፤ የዚህ መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ9.5 በላይ ሲሆን አብዛኞቹን ሌሎች ዋቅላሚዎችና ባክቴሪያዎች አይስማማቸውም፣ ስፒሩሊና ግን ይመቸዋል። ለዚህ የሚያገለግለው ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። ዛሩክ የተባለው ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቤተ ሙከራ ቅመራ ለአንድ ሊትር 16.8 ግራም ይጠይቃል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዣን ፖል ዡርዳን ለቤት አልሚዎች ባዘጋጀው መመሪያ ግን 8 ግራም ይበቃል። ሁለት ካሬ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 300 ሊትር ስለሚይዝ 2.4 ኪሎ ሶዳ ይፈልጋል። ከዚያ የምግብ ጨው፣ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ጥቂት ፎስፌት፣ ማግኒዚየም ሰልፌትና እጅግ ጥቂት ብረት ይጨመራሉ።

ገበሬው ቤት ያለው ዩሪያ ያጓጓል። ሲበዛ ግን በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ውስጥ አሞኒያ ሆኖ ዋቅላሚውን ይገድላል። የእርሻ ማዳበሪያ ደግሞ ለሚበላ ነገር የማይፈለጉ ከባድ ብረቶች ሊኖሩበት ስለሚችል ንጹሕ ኬሚካል መግዛት ይሻላል። ፍግ ጨርሶ አይገባም።

ዘሩ ሕያው መሆን አለበት። በፋርማሲ የሚሸጠው የስፒሩሊና ዱቄት የሞተ ስለሆነ አይበቅልም። የተገኘው ሕያው ዘር እንደ እርሾ ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ያነሣል፣ ካልተጠበቀም ይበላሻል። በአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዳ ውስጥ አይደፋም፤ ሲሳሳ የፀሐዩ ብርሃን ስለሚያቃጥለው ውኃውን ደረጃ በደረጃ እጥፍ እያደረጉ ያሰፉታል። ቀን ቀን ደጋግሞ ማማሰል ያስፈልጋል፤ ከላይ ያለው እንዳያርር፣ ከታች ያለውም ብርሃን እንዲያገኝ።

ውኃው ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ፣ ነጭ ሳህን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲጠልቅ የማይታይ ከሆነ ደርሷል። ጠዋት ሽመናው በጣም ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ያጣሩታል፤ የተጣራው ውኃ ተመልሶ ወደ ገንዳው ይገባል። ጨርቁ ላይ የቀረው ተጨምቆ እርጥብ ሊጥ ይሆናል። እንዲሁ ትኩሱን መብላት ይቻላል፤ ለማቆየት ግን በቀጭኑ ተጨምቆ ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ ቶሎ ይደርቅና ብርሃንና እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ይቀመጣል። ወጥ ላይ የሚጨመረው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

ምን ያህል ይገኛል? ሙቀቱ ሲመች ከአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ግራም ደረቅ ስፒሩሊና ጥሩ ምርት ነው። ሁለት ካሬ ሜትሩ ለአንድ ሰው 10 ግራም ይሰጣል ማለት ነው። ደረቁ ስፒሩሊና ከ55 እስከ 70 በመቶ ፕሮቲን ነው ሲባል ጆሮ ይገባል፤ 10 ግራሙ ግን የሚሰጠው 6 ግራም ፕሮቲን ገደማ ነው። ባቄላና ምስር ያለው ቤተሰብ ከሽሮው ከዚህ የበለጠ ፕሮቲን ያገኛል። የስፒሩሊና ብልጫ ሌላ ቦታ ነው፤ በዚያው 10 ግራም ውስጥ 3 ሚሊ ግራም ያህል ብረትና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን በብዛት አሉ። ቫይታሚን ቢ12 አለው የሚባለው ግን አብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው፤ በጾም ወቅት ለዚህ ብሎ የሚወስደው ሰው ይህን ይወቅ።

አደጋውን መደበቅ አይገባም። ከሐይቅ ወይም ከኩሬ አረንጓዴ ውኃ ቀድቶ መብላት ፈጽሞ ክልክል ይሁን። ማይክሮሲስቲስን የመሰሉ ሳያኖባክቴሪያዎች ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙ በማፍላት አይጠፋም። በዓይን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ገንዳው መሽተት ከጀመረ ወይም ቀለሙ ወደ ቢጫ ካደላ አይበላም።

ማይክሮስኮፑ ደግሞ ሩቅ አይደለም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ግቢ አለው። ንጹሕ ሕያው ዘር ከአገራችን ሐይቆች አምጥቶ ቢይዝ፣ አንድ ገንዳ ከተማው ላይ፣ አንድ ደግሞ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ቢያለማ፣ የውኃውን የጠዋት ሙቀትና የየቀኑን ምርት ለዓመት ቢመዘግብ፣ የቦረና ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እውነተኛውን ቁጥር ያገኛል። መምህራኑና ተማሪዎቹ ይህን ሥራ እንዲጀምሩት እጠይቃለሁ።